ማህተም ያልተመታበት ባዶ ገጽ

ወንድሜን ሰው ሁሉ «ገጽ በገጽ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የፈለግኩትን ብናገር ማንም አያስተባብለኝም። እሱ የሆስፒታሉ ግዥ ክፍል ባለሙያ ነው፤ እኔ እዚያው ሆስፒታል የካርድ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ። በስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው፤ እና ይኼን አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ በገዛ እጄ አንቄ ልጥለው ምንም ያልቀረኝ ጊዜ ነበር። እሱን ነው የማወራችሁ።

ገጽ በገጽ ክፉ ሰው አይደለም። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ ስቆጣ እንዳይረሳ። ከሻጭ ሻይ አይጠጣም። አንዴ አንድ ነጋዴ በዝናብ አግኝቶት በመኪናዬ ላድርስህ ብሎ ቢለምነው፣ እምቢ ብሎ በእግሩ ገብቶ ሳምንት ሙሉ ሲያስነጥስ ከረመ። ሚስቱ «ይኼ ሰውዬ እኔንም በጨረታ ነው ያገባኝ» ትላለች። መድኃኒት ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን የተጣጠፈች ወረቀት ከፊትም ከጀርባም ሳያነብ አንዲት ክኒን አይውጥም። ቢሮው ጄኔሬተሩ ጓሮ ነው፤ መስኮቱን ከከፈተ ጭስ ነው፣ ከዘጋ ሙቀት ነው። እዚያ ተቀምጦ ጣቱን በረጠበች ስፖንጅ ነካ እያደረገ የተጫራቾችን ሰነድ ይገልጣል። ማህተም አለ? ፊርማ አለ? ቁጥሩ ተከታታይ ነው? የጨረታ ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋ ነው፣ አንዱ የእሱ አንገት ላይ ነው። ሲታጠብም አያወልቀውም፤ ካላመናችሁ ሚስቱን ጠይቋት።

የእኔ ክፍል ምድር ቤት ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ በመደርደሪያው ላይ ካርድ፣ በካርዱ ላይ አቧራ። በሽተኛ ሲመጣ ካርዱን ፈልገን ለሐኪሙ እንልካለን፤ ሐኪሙ ሲጨርስ ይመለስና ቦታው ይገባል። ሥራው ይኸው ነው፤ ቀላል የሚመስለው ካለ አንድ ሰኞ ጠዋት መጥቶ ይሞክረው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት መጣች። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ካርዷ ውስጥ አራተኛው ወረቀት ላይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። ማን ይየው? ተወጋች። ኮሪደሩ ላይ ነው የሞተችው፤ እኔ እያየሁ። በነጋታው ቀይ ወረቀት ገዛሁ፣ ቆራረጥኩ፣ ሙጫ አመጣሁ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ሁሉ ካርዱ ፊት ላይ ቀይ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ የመድኃኒቱ ስም በትልቁ ይጻፍበታል። ማንም አላዘዘኝም፤ ደንብ ላይም የለም። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ከእኔ ክፍል በወጣ ካርድ አንድም ሰው በስህተት አልተወጋም። ሐኪሙም ነርሷም ቀይ ካዩ እጃቸውን ይሰበስባሉ።

እንግዲህ ካርዱ ሁሉ በኮምፒውተር ይሁን ተባለ። ደስ አለኝ፤ ምን ያዋሸኛል፣ ወገቤ አልቋል። ግዥ ክፍል «የፍላጎት መግለጫ አስገቡ» አለን፤ ማለትም የሚገዛው ሲስተም ምን ምን እንዲሠራልን እንደምንፈልግ ዘርዝረን እንድንጽፍ። ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ጻፍኩ፤ ስድሳ አራት ነጥብ፣ ዘጠኝ ገጽ። ወንድሜ ሰባት ጊዜ መለሰብኝ። «እትዬ፣ ‹ፈጣን ይሁን› ማለት ምን ማለት ነው? በስንት ሰከንድ?» ይለኛል። ተጨቃጨቅን፣ ታረቅን፣ አስተካከልኩ፣ ዘጠኙም ገጽ ላይ ፈረምኩ። ጨረታው ወጣ።

አራት ድርጅቶች ሰነድ ገዙ። መጥተው የሥራ ቦታውን እንዲያዩ ቀን ተቆረጠላቸው። ሦስቱ መጥተው በር ላይ ቆሙ፤ አፍንጫቸውን ይዘው አዩ፤ መገኘታቸውን የሚያሳየው ቅጽ ላይ ፈርመው ሄዱ። ከነሱ አንዱ ሽቶው ቀድሞት የሚገባ፣ ሱፉ ላይ አንዲት ትቢያ የማታርፍበት ሰውዬ ነው፤ ባለሱፉ እንበለው። አራተኛዋ ግን ቀጭን ልጅ ነች፣ ጀርባዋ ላይ ከራሷ የሚከብድ ቦርሳ ያዘለች። ባለቦርሳዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሦስት ቀን ሙሉ! ካርድ ስናወጣ አብራን አወጣች፤ መሰላል ላይ ወጣች፤ ፀጉሯ አቧራ ለብሶ ስትወርድ ስቀንባታል። በሁለተኛው ቀን «ይቺ ቀይ ወረቀት ምንድን ናት?» አለችኝ። ስለዚያች እናት ነገርኳት። ሰማችኝ፤ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን ላፕቶፗን ከፍታ «እስቲ ይቺን ይጫኑልኝ» አለች። ተጫንኩ። የበሽተኛው መረጃ ከመምጣቱ በፊት ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ቀይ ሆነ፤ የመድኃኒቱ ስም በትልቁ፣ ከሥሩ «አይቻለሁ» የሚል ቁልፍ። እሱን ሳይጫኑ ወደፊት መሄድ የለም። እንባዬ መጣ። አለቀ፣ ይቺ ናት አልኩ በልቤ።

ፖስታው ተከፍቶ የሰነድ ምርመራው ውጤት ሰሌዳ ላይ በተለጠፈበት ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ወንድሜ ክበብ ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከመለጠፉ በፊት ቢገርፉትም አይናገርም። ዳቦውን ቆረሰ፣ ሻዩን አማሰለ።

«ያቺ ቦርሳ ያላት ወድቃለች» አለኝ።

«ምን ሆና?»

«አንድ ገጽ ላይ ማህተም የላትም። መቶ አርባ ሰባተኛው ገጽ። የጨረታ ሰነዱ ‹እያንዳንዱ ገጽ› ይላል።»

«ምንድን ነው ገጹ ላይ ያለው?»

ሻዩን ፉት አለ። «ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ባዶ ነው። ክፍል ሦስትን ከክፍል አራት የሚለይ ወረቀት ነው። ከታች ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው።»

መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ከዚያ ቱግ አልኩ። «አንተ! ባዶ ወረቀት ላይ ማህተም አልመታችም ብለህ ነው ልጅቷን የጣልካት? ማህተም ያለበት ባዶ ወረቀት እኮ ነው ሰው የሚያሳስረው! በየትኛው አገር ነው ባዶ ወረቀት ላይ ማህተም የሚመታው?»

«ገጽ ገጽ ነው እትዬ። ዛሬ ባዶውን ካለፍኩ ነገ የተጻፈበትንም እለፍ እባላለሁ። ደግሞ አንዷን አልፌ ሌላውን ብጥል ‹ስንት ቀመሰ› ነው የሚሉኝ።»

«ይበሉሃ! እና ባለሱፉ በር ላይ አፍንጫውን ይዞ ከቆመበት፣ ቀዩን የት አይቶት ነው የሚሠራልኝ?»

«የፍላጎት መግለጫው ላይ ካለ የመሥራት ግዴታ አለበት።»

«አለ እንጂ! እኔ አይደለሁ የጻፍኩት?»

«ካለ እንግዲህ ምን ያስጮህሻል?» አለና ዳቦውን ጎረሰ።

ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረግኩት። ክበቡ ሁሉ ዞሮ አየን። «ባዶስ ያንተ ጭንቅላት ነው!» ብዬው ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፍኩት።

ለባለቦርሳዋ ደወልኩላት። ቅሬታ ለማቅረብ አምስት የሥራ ቀን አላት፤ እኔ ተጫራች ስላልሆንኩ አይመለከተኝም። ለመንኳት። «እትዬ፣ በዚህ ዓመት ብቻ ሌሎች ሦስት ጨረታዎች ላይ አለሁ» አለችኝ። «ከሳሽ ናት ተብሎ ስሜ አንዴ ከወጣ ማን ያስጠጋኛል? ለወደፊቱ ባዶውንም እመታለሁ።» ሳቀች፤ ሳቋ ከአንገት በላይ ነበር። አንጀቴ ድብን አለ። ሰነፍ ብትሆን፣ ሌባ ብትሆን እኮ ይቆርጥልኛል። ሦስት ቀን አቧራ የጠጣች ልጅ በአንድ ነጭ ወረቀት!

የቴክኒክ ግምገማው ደረሰ። የተጠቃሚ ክፍል ተወካይ ስለሆንኩ መቀመጥ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። «እዚያ ቲያትር ላይ አልጎለትም» ብዬ ምክትሌን ላክሁ። ምክትሌ ጨዋ ልጅ ነው፤ የሰጡትን ቅጽ ይዞ ገባ፤ ስድሳ አራቱን ነጥብ አንድ በአንድ አየ፤ አለ፣ አለ፣ አለ እያለ የራይት ምልክት አድርጎ ወጣ። ባለሱፉ አሸነፈ። ምክትሌን አንዴ ብቻ «ቀዩ አለ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ማስታወሻ የሚጻፍበት ቦታ አለው» አለኝ። ወንበሬን ስቤ ሄጄ ማየት ይገባኝ ነበር። አላየሁም። ኩርፊያ ላይ ነኛ! የባለሱፉን ስክሪን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ አላየውም። መረጃውን የክፍሌ ልጆች ካርድ ካርዱን እያነሱ ሲያስገቡ እኔ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ ነው የከረምኩት።

እሑድ እሑድ እናታችን ቤት ነው የምንገናኘው። እኔ አንዱ ጥግ፣ ወንድሜ አንዱ ጥግ። እማዬ በመሀል ሆና አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። «ምንድን ነው ያጣላችሁ?» አለች አንድ ቀን።

«ወረቀት» አልኳት።

«ምን የሚል ወረቀት?»

«ምንም የማይል።»

«ውይ ልጆቼ» አለች። «ሁለታችሁንም እኔ ነኝ የወለድኳችሁ፤ ግን በዚህ ድርቅናችሁ አንዳችሁም እኔን አልመሰላችሁም።» ሚስቱ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ሮጠች። እኛ ግን ግግም እንዳልን ተለያየን።

ከዚያ የሙከራው ሳምንት መጣ። ተመላላሽ በሽተኞች በስክሪን ብቻ ይስተናገዱ፣ ካርዳቸው መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ ተባለ። ረቡዕ ከሰዓት በፊት ወደ ፋርማሲ ስሄድ፣ መርፌ ክፍሉ በር ላይ አግዳሚው ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር ተቀምጠዋል። ለዓመታት አውቃቸዋለሁ፤ በመጡ ቁጥር ካርዳቸውን የማወጣው እኔ ነኝ።

«ምን ሆኑ አባባ?»

«ሳንባ ነው አሉኝ። አንድ ልጅ እግር ሐኪም ነው፣ መርፌ አዘዘልኝ፤ ጎበዝ ነው መሰለኝ» አሉና ወረቀታቸውን አሳዩኝ።

ፔኒሲሊን ይላል። ክው አልኩ። የኝህ ሰውዬ ካርድ ላይ ቀይ ወረቀት አለ፤ በገዛ እጄ ነው የለጠፍኩት።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ለእርስዎ አይሆንም! አልነገሩትም?»

«ካርዴ ላይ አለ ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ። ይኼኔ ስማቸው ተጠራና ተነሡ። ወረቀቱን ነጥቄ ቀድሜያቸው ገባሁ። ነርሷ መርፌውን ሞልታ ጨርሳለች። ክንዷን ለቀም አድርጌ ያዝኩት። ደነገጠች። «ስክሪኑ ላይ ምንም የለም እኮ!» ትለኛለች። አየሁት፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ የሚያምር ስክሪን ነው። ቀይ የሚባል ነገር የለበትም። ሦስት ቦታ እየተጫንን ወደ ውስጥ ስንገባ፣ «ልዩ ልዩ ማስታወሻ» የሚል ሳጥን ውስጥ፣ ከስልክ ቁጥራቸውና ከሠፈራቸው ቀጥሎ «ፔኒሲሊን አይስማማም» ይላል፤ በጥቃቅን ፊደል።

እግሬ መሬት መንካቱን አላውቅም። የሲስተሙ የርክክብ ስብሰባ በዚያው ሰዓት ሁለተኛ ፎቅ ላይ እየተካሄደ ነበር። በሩን በርግጄ ገባሁ። ሰብሳቢው አሉ፣ ባለሱፉ አለ፣ ወንድሜ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል።

«አሁን ሰው ልትገድሉ ነበር!» አልኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ነው የምጮኸው። የሆነውን ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞርኩ። «ባንተ ነው! ባንተ ባዶ ገጽ ነው! ቀዩን የሠራችውን ልጅ አባረህ ይኼን ሽቶ ብቻ አመጣህብን! እኔ ደርሼ የነርሷን እጅ ባልይዝ የሰውዬውን ልጆች ሄደህ አንተ ነበርክ የምታረዳቸው፤ ገጽ በገጽ!»

ባለሱፉ ሳይቆጣ ተነሣ። «እመቤቴ፣ በጣም አዝናለሁ» አለ። «ግን ቀይ ማስጠንቀቂያ የሚል ነጥብ የፍላጎት መግለጫው ላይ ካለ ያሳዩኝ፤ ዛሬውኑ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እፈርማለሁ።»

«በደንብ ነዋ ያለው! አውጣና አንብብለት!» አልኩት ወንድሜን።

ማኅደሩን ከፈተ። ስፖንጁን አጠገቡ አስጠጋ። ማንበብ ጀመረ። «አንድ፣ የካርድ ቁጥር በራሱ ይስጥ። ሁለት፣ በበሽተኛው ስምና በእናት ስም መፈለግ ያስችል። ሦስት፣ የተፈለገውን ካርድ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ያውጣ...» በየገጹ ግርጌ የእኔ ፊርማ። ሃያ ደረሰ። ሠላሳ ደረሰ። ሠላሳ ስምንት ላይ ስለ ማተሚያ ወረቀት ስፋት ጽፌያለሁ። የማተሚያ ወረቀት ስፋት! አርባ ላይ ሲደርስ ገባኝ። ወንድሜም ገብቶታል መሰለኝ ድምፁ ወረደ። «ልቀጥል እትዬ?» አለኝ።

«ጨርስ።»

ስድሳ አራት ላይ ዘጋው። ቀይ የሚል ቃል የለም። አልጻፍኩትም። ሃያ ዓመት በየቀኑ በእጄ የምለጥፈውን ነገር ለሰው መንገር እንዳለብኝ አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ መስሎኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ግምገማው ላይ ተቀምጬ ቢሆን በመጀመሪያው ደቂቃ «የታለ ቀዩ?» እል ነበር። በኩርፊያ ቀረሁ። ወንድሜ በሐቁ ደረቀ፣ እኔ በንዴቴ ደረቅሁ።

«ጻፍ» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ቀዩን ሳትጽፍ የረሳችው የካርድ ክፍል ኃላፊዋ ናት በል። ግምገማውም ላይ በራሷ ፈቃድ አልተገኘችም በል። ሲስተሙን አትረከብም በል።»

ሰብሳቢው «ኧረ ይኼ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚገባ ነገር አይደለም፤ በውስጥ እንነጋገርበታለን» አሉ። ነገሩን ሊያለባብሱ ነው። የባሰ አበድኩ። «ጻፍ ብዬሃለሁ!»

ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን ሳያስቀምጥ ቀና አለ። «ሌላም ልጨምር ነው» አለ ለሰብሳቢው። «መግለጫውን ሰባት ጊዜ መርምሬዋለሁ። ስለ ሰከንዱ ጠየቅኩ፤ ስለ ቀዩ ግን አልጠየቅኩም። ካርድ ክፍል በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ እኮ። ወረቀት ላይ ስላልነበረ አልታየኝም።» በጽሑፉ ሥር ሁለታችንም ፈረምን።

ርክክቡ ቆመ። ባለሱፉ ቀዩን በአምስት ሳምንት ልጨምር አለ፤ እስከዚያው በካርዱ ቀጠልን። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ይገባኛል። ሰው «ታርቀሻል?» ይለኛል። ከወንድሜ ጋር አዎ። ከራሴ ጋር ገና ነኝ።

በሳምንቱ አርብ ጠዋት፣ ወረፋው እስከ ደረጃው ድረስ ተሰልፎ ሳለ፣ ሾፌሩ አባባ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መስኮቴ ላይ መጡ። ደህና ሆነዋል፤ ሌላ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ሳላቸው ለቋቸዋል።

«እድሜ ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ። «ልጆቼን ሰብስቤ ነገርኳቸው። አንቺ ባትኖሪ ዛሬ እኔ...»

«ይተዉት አባባ።»

«እንዴት እተወዋለሁ! ነፍሴን እኮ ነው ያተረፍሽው።»

«ይተዉት አልኩዎት!» ጮህኩባቸው፤ በሽማግሌ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። «ሊገድልዎት የነበረው ሌላ ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ! መጻፍ የነበረብኝን ሳልጽፍ የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ገባዎት? እኔ ነኝ!»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ፈገግ አሉ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ወረፋው ዞረው «አያችሁልኝ ትሕትናዋን?» አሉ። ከመስኮቱ እስከ ደረጃው የቆመው ሰው ሁሉ እየተቀባበለ መረቀኝ።